ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ዓሣንም የማይጨርስ መረብ
ለጋምቤላ ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

የዓሣ መረብ በመደብሮቻችን ከገመድ፣ ከሸራና ከባትሪ ጎን ተሰቅሎ የሚሸጥ አንድ ሸቀጥ ነው። ባለመደብሩ ስለ ዋጋው ይጠየቃል እንጂ ስለ ዓይኑ ስፋትና ስለ ክሩ ዓይነት የሚጠይቀው እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ የሚያጠምደው ገበያው ባቀረበለት መረብ ስለ ሆነ፣ ከባሮ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ ትልቅ ወይም ትንሽ፣ ለዚሁም የሚቃጠለው ቤንዚን ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ገና በሚታዘዝበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ነዳጅን ስለሚቆጥብና የዓሣን ዘር ስለሚጠብቅ የማጥመጃ መሣሪያ የሚነገረው ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ነጋዴውን የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው፣ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን።

በሞተር ስለሚጎተተው መረብ

በታላላቅ ባሕሮች ላይ ብዙ ዓሣ ከሚወጣባቸው መሣሪያዎች አንዱ ትሮል የሚባለው ነው። ይህ መረብ አፉ ሰፊ፣ ጅራቱም እንደ ከረጢት የጠበበ ሆኖ፣ በመርከብ ኋላ በረጃጅም ገመዶች ይጎተታል። አፉ ተከፍቶ እንዲቆይ በግራና በቀኝ ሁለት ከባድ ሳንቃዎች ይታሠሩለታል፤ ውኃው ሳንቃዎቹን ወደ ውጭ ሲገፋቸው የመረቡ አፍ ይከፈታል። ብዙዎቹ መረቦች የሚጎተቱት በባሕሩ ወለል ላይ ስለ ሆነ ከሚፈለገው ዓሣ ጋር ጫጩቱን፣ ቀንድ አውጣውንና ሣሩን ሁሉ አግበስብሰው ያወጣሉ፤ ወለሉንም ያርሱታል።

የትሮል ዋና ጠላት የውኃ ግፊት ነው። አንድ ሰው ነጠላን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቢጎትትና ቀጥሎም ጋቢን ቢጎትት ልዩነቱን ክንዱ ይነግረዋል። ክሩ የወፈረና ዓይኑ የጠበበ መረብ እንደ ጋቢው ከባድ ነው። ፍጥነቱም ሲጨምር ሸክሙ በዚያው መጠን ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ የውኃው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት መርከቢቱ በሥራ ላይ ሳለች ከምታቃጥለው ነዳጅ ብዙው የሚጠፋው መርከቢቱን በማንቀሳቀስ ሳይሆን መረቡን በመጎተት ነው።

ሊቃውንት ባደረጉት ስሌት፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የዓለም የዓሣ ማስገሪያ መርከቦች 40 ቢሊዮን ሊትር ያህል ነዳጅ አቃጥለዋል። ይህ ነዳጅ በሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም። በመንጋ የሚሄዱትን ትናንሽ ዓሦች በመረብ ከቦ የሚያወጣ መርከብ ለአንድ ቶን ዓሣ ብዙ ጊዜ ከ100 ሊትር ያነሰ ሲበቃው፣ የባሕር ሽሪምፕንና መሰሎቹን የሚያወጣው ለአንድ ቶን ከ2,000 ሊትር በላይ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት የመጣው ከሞተሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከመሣሪያውና ከሚፈለገው ዓሣ ነው።

ይህን ወጪ ለመቀነስ የተገኙት ዘዴዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ቀጭን ሆኖ እጅግ ጠንካራ በሆነ አዲስ ክር መረቡን መሥራት። ሁለተኛ፣ በመረቡ ፊት ለፊት ያለውን ዓይን ማስፋት። ሦስተኛ፣ ሳንቃዎቹን ከወለሉ ከፍ ብለው እንዲሄዱ ማድረግ። አራተኛ፣ ፍጥነቱን መቀነስ። አምስተኛ፣ በጅራቱ ላይ ዓይኑ አራት ማዕዘን ሆኖ የማይዘጋ መረብ ገጥሞ ጫጩቱ እንዲያመልጥ ማድረግ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ነዳጅ መቆጠብ ብቻውን አይበቃም። የሆላንድ መርከቦች በከባዱ ሰንሰለት ፈንታ ወለሉን በኤሌክትሪክ የሚነካ መረብ ሠርተው ከነዳጃቸው ግማሽ ያህሉን ለማዳን ችለው ነበር፤ ዳሩ ግን በባሕሩ ፍጥረትና በሌሎቹ አጥማጆች ኑሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል የሚል ክርክር ስለ ተነሣበት፣ የአውሮጳ ኅብረት በአውሮጳ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ወስኖ ከ2021 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ከልክሎታል። ስለዚህ መሣሪያ የሚመዘነው በሁለት ሚዛን ነው፤ አንደኛው የሚጠጣው ነዳጅ፣ ሁለተኛው በውኃው ውስጥ የሚያስቀረው ዘር ነው።

ትሮል ለባሮ የማይሆንበት ምክንያት

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። በጋምቤላ ያሉት ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦም የሚጎተት መረብን የሚቀበሉ አይደሉም። በክረምት ውኃው ሞልቶ ግንድ ያመጣል፤ በበጋ ይጎድልና አሸዋው ይታያል። የሰጠመ ጉቶ መረቡን ይቀደዋል፤ ጉማሬና አዞም አሉበት። ስለዚህ ትሮልን ወደዚህ አገር ለማስመጣት የሚያስብ ቢኖር ገንዘቡን በከንቱ ያባክናል። የሚጠቅመን መሣሪያው ሳይሆን ከእርሱ የተገኘው ትምህርት ነው።

የጋምቤላ አጥማጆች ዋና መሣሪያዎች በውኃ ውስጥ እንደ አጥር ተዘርግቶ የሚያድር መረብ፣ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ፣ ወጥመድና ጦር ናቸው። አኝዋዎች ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ፣ ኑዌሮችም በጎደለ ኩሬና በወንዝ ዳር በጦር ዓሣን ሲያወጡ ኖረዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ቆመው ዓሣውን ይጠብቃሉ እንጂ አይጎተቱም፤ ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ጠብታ ነዳጅ አይፈልግም። በነዳጅ ቁጠባ በኩል የባሮ አጥማጅ ከሰሜን ባሕር አጥማጅ ቀድሞ የሚገኝ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ነዳጁ የሚቃጠለው የት ነው? በመንገድ ላይ ነው። ታንኳው ሞተር ሲገጠምለትና ዓሣው ከከተማው አጠገብ ሲጠፋ አጥማጁ በየጊዜው ርቆ ለመሄድ ይገደዳል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ጀልባ 10 ሊትር ቤንዚን አቃጥሎ 80 ኪሎ ዓሣ ይዞ ቢመለስ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ የወጣው የሊትር አንድ ስምንተኛ ነው። ዓሣው ሸሽቶ 20 ሊትር አቃጥሎ 40 ኪሎ ብቻ ቢያገኝ ግን ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሊትር ወጣበት ማለት ነው፤ ይኸውም አራት እጥፍ ነው። ሞተሩ ያው፣ ጀልባውም ያው ነው፤ የተለወጠው የዓሣው ብዛት ብቻ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ስለ ጀመረ፣ ይህ ስሌት ከዱሮው ይልቅ ኪስን የሚጎዳ ሆኗል። እንግዲህ ለእኛ አገር ነዳጅ ቆጣቢ መረብ ማለት ዓሣው በቅርብ እንዲኖር የሚያደርግ መረብ ማለት ነው።

ከጣና የተገኘ ማስጠንቀቂያ

ይህ ነገር ግምት ብቻ አለመሆኑን የጣና ሐይቅ ታሪክ ያስረዳል። በጣና ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲጠመድ ኖሮ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ኡርክ ከምትባለው የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅት በተካፈለበት የልማት ሥራ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ዓሣው በርክቶ ወደ ገበያ ወጣ፤ ንግዱም አደገ። ነገር ግን በባሕር ዳር ገበያ ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ዘሮች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች አፍ የሚሰበሰቡ ስለ ሆነ፣ መረቡ በዚያው ጊዜና በዚያው ስፍራ ተዘረጋባቸው። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1993 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም. ከተደረገው ጋር ሲነጻጸር፣ የእነዚህ ዓሦች ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

በደቡብም በጫሞ ሐይቅ በናይል ፐርች ላይ ተመሳሳይ መመናመን ደርሷል። ናይል ፐርች በባሮም የሚገኝ፣ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ዘንድም የሚፈለግ ዓሣ ነው። በጫሞ የሆነው ነገር በባሮ ሊሆን አይችልም የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

የባሮ ሀብትና የክረምቱ ሙላት

በባሮና በአኮቦ ተፋሰስ ከመቶ የሚበልጡ የዓሣ ዘሮች እንደሚገኙ ሊቃውንት መዝግበዋል፤ ይህም በአገራችን ካሉት ተፋሰሶች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በገበያ ከሚታወቁት መካከል ናይል ፐርች፣ ቆሮሶና አምባዛ ይገኙበታል። የዚህ ሀብት ምንጩ የክረምቱ ሙላት ነው። ወንዙ ሞልቶ በኢታንግና ከዚያም በታች ያለውን ሜዳ ሲሸፍነው ብዙዎቹ ዓሦች ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ገብተው ይራባሉ፤ ጫጩቶቹም በዚያ ይመገባሉ። ውኃው ሲሸሽ በጠባብ ጠባብ መተላለፊያዎች በኩል ወደ ወንዙ ይመለሳሉ።

የጋምቤላ ንግድም በዚሁ ሙላት ላይ የተመሠረተ እንደ ነበር አንባብያን ያስታውሳሉ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ መርከቦች በክረምት ከካርቱም እየመጡ ቡናችንን ይጭኑ ነበር። መርከቡ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሙላቱ ግን በየዓመቱ ዓሣ ይዞልን ይመጣል። በመተላለፊያዎቹ ላይ ዓይኑ የጠበበ መረብ ከተዘረጋ ግን የሚያዘው የዚያ ዓመት ጫጩት ስለ ሆነ፣ አጥማጁ የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሸጠ ማለት ነው።

መረብ ሲታዘዝ ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

የዓይኑ ስፋት፦ የመረብ ዓይን በሁለት ዓይነት መንገድ ይለካል። አንደኛው ከአንድ ቋጠሮ እስከሚቀጥለው ቋጠሮ ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው ዓይኑ ተለጥጦ ሲወጠር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ነው። በፊተኛው ልክ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነው በኋለኛው 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ልኩ በየትኛው መንገድ እንደ ተወሰደ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ፣ 8 ፈልጎ ያዘዘ ነጋዴ ግማሽ ዓይን ያለው መረብ ሊደርሰው ይችላል። ዕቃው ሲደርስም ከየጥቅሉ አንዳንድ ዓይን እየለጠጡ በማስመሪያ መለካት ይገባል። ተዘርግቶ የሚያድር መረብ ጥቅሙ መራጭ መሆኑ ነው፤ ትንሹ ዓሣ ያልፈዋል፤ ለዓይኑ የሚመጥነው ይያዛል። ዓይኑ ከጠበበ ይህ ጥቅም ይጠፋል።

የክሩ ዓይነት፦ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ተገምደው የተሠራው የናይለን መረብ ሲቀደድ እየተጠገነ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፈው ባለ አንድ ክር መረብ ግን በዓሣው ዓይን ስለማይታይ ብዙ ይይዛል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሲቀደድ ጥገናው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ይጣላል። የተጣለውም በውኃ ውስጥ ሳይበሰብስ ለማንም የማይጠቅም ዓሣ ሲይዝና ሲገድል ይኖራል። በተገመደው ክር ጥቅል ላይ 210/6 ወይም 210/9 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ፊተኛው ቁጥር 9,000 ሜትር የሚሆነው ነጠላ ክር 210 ግራም መመዘኑን፣ ኋለኛው ደግሞ ስንት ክር አብሮ እንደ ተገመደ ያመለክታል። ለቆሮሶ ቀጭኑ፣ ለናይል ፐርች ወፍራሙ ይስማማል።

ርዝመቱ፦ መረብ በገመድ ላይ ሲሰፋ እየተሸበሸበ ስለ ሆነ፣ ተለጥጦ 100 ሜትር የሆነው ብዙ ጊዜ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ይሰፋል። ባለመደብሩ ለገዢው የትኛውን ርዝመት እንደሚሸጥለት አስቀድሞ ቢነግረው ከክርክር ይድናል።

ተንሳፋፊው፦ የላይኛውን ገመድ የሚያንሳፍፉት ቡሾች በናይለን ሳይሆን በጥጥ ክር ቢታሠሩ፣ መረቡ በጎርፍ ተወስዶ የጠፋ እንደ ሆነ ጥጡ በስብሶ ይበጠሳል፤ መረቡም ወደ ወለሉ ወድቆ ማጥመዱን ይተዋል። ጥጡን በየጊዜው መለወጥ ጥቂት ድካም ቢኖረውም ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

መንጠቆው፦ ለትልልቅ ዓሣ ባለ ብዙ መንጠቆ ገመድ ከመረብ ይሻላል፤ ጫጩት ትልቅ መንጠቆ ሊውጥ አይችልምና። በተለመደው ቁጥር አሰጣጥ ግን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ ቁጥር 12 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው። በዚህ የተሳሳተ ነጋዴ ለናይል ፐርች አጥማጅ የጫጩት መንጠቆ ያመጣለታል።

ከተያዘ በኋላ

ዓሣው ከውኃ ከወጣ በኋላ የሚበላሽ የሆነ እንደ ሆነ የተቃጠለው ነዳጅ ሁሉ በከንቱ ይቀራል። የጋምቤላ ሙቀት ብርቱ ስለ ሆነ፣ በመረብ ውስጥ ሞቶ የዋለ ዓሣ ፈጥኖ ይከረፋል። ስለዚህ ማታ የተዘረጋ መረብ ጎሕ ሲቀድ ሊነሣ ይገባዋል። ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ ትኩሱ ዓሣ ያለ በረዶ ሊደርስ አይችልም። ብዙው ዓሣ የሚሸጠውም ደርቆ ወይም በጢስ ታጥኖ ነው። እዚህ ላይ የሚባክነው ነዳጅ ማገዶ ነው። በክፍት እሳት ላይ የሚታጠን ዓሣ እጅግ ብዙ እንጨት ይፈጃል። በጋና አገር፣ በአክራ አጠገብ ባለችው ቾርኮር በምትባል መንደር ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የተሠራው ምድጃ፣ ዙሪያው በጭቃ ወይም በጡብ የተዘጋ፣ በላዩም የሽቦ ወንፊት ያላቸው የእንጨት ትሪዎች የሚደረደሩበት ሆኖ፣ በጥቂት ማገዶ ብዙ ዓሣ ያጥናል። ጭቃው፣ እንጨቱና የሽቦ ወንፊቱ በከተማችን የሚገኙ ናቸው።

ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ ነጋዴዎች እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ገዢው ድኻ ነው፤ የሚፈልገው ርካሹን ነው፤ እኛ ባንሸጥለት ሌላው ይሸጥለታል»። ይህ ቃል እውነትነት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው ማድረስ ያስፈልጋል። እንበልና ርካሹ መረብ አንድ ወቅት አገልግሎ ቢጣል፣ ዋጋው እጥፍ የሆነው ደግሞ እየተጠገነ ሦስት ወቅት ቢያገለግል፣ በሦስት ወቅት ውስጥ ርካሹን የገዛው ሦስት እጅ ሲከፍል የውዱ ገዢ የከፈለው ሁለት እጅ ነው። ድኻው አስቀድሞ ሁለት እጁን ለመክፈል የሚቸግረው ከሆነ፣ ለታመነ አጥማጅ ወይም ለማኅበር በዱቤ ሰጥቶ በዓሣ ወይም በገንዘብ መቀበል ነጋዴዎቻችን በቡናና በማር የለመዱት ሥራ ነው። ዓሣ አጥማጁ ከከሰረ መረብም፣ ገመድም፣ ጨውም የሚገዛን የለም።

ከዚህም ሌላ ጉዳዩ ለፈቃዳችን ብቻ የተተወ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ማስገር ሥራ በሥርዓት እንዲመራ ደንግጓል። ስለሆነም አስመጪው ትእዛዙን ከማስተላለፉ በፊት የተፈቀደውን የዓይን ልክ ከክልሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ጠይቆ በጽሑፍ ቢይዝ፣ ዕቃው እንዳይያዝበትና ገንዘቡ እንዳይታሠርበት ይረዳዋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከሁሉም ወገን የሚጠበቀው ይህ ነው። አስመጪው የዓይኑን ልክና የክሩን ዓይነት በትእዛዙ ላይ ለይቶ ይጻፍ። ባለመደብሩ ማስመሪያ በጠረጴዛው ላይ ያኑር፤ ባለ አንድ ክር የሆነውንና ዓይኑ የጠበበውን መረብ ከመደርደሪያው ያንሣ። ዓሣን ገዝቶ ወደ ሌላ አገርና ወደ መሐል አገር የሚልከው ነጋዴ ደግሞ ለትልቁ ዓሣ የተሻለ ዋጋ ይስጥ፤ ጫጩቱን አልገዛም ይበል፤ አጥማጁ ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ የሚሰማው ይህን ነውና።

በሰሜን ባሕር ያሉ አጥማጆች ነዳጅ የሚቆጥብ መረብ ለማግኘት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን አጥፍተዋል። የእኛ አጥማጆች ያለ ነዳጅ የሚሠራ መሣሪያ ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ይህን ርስት የሚያጠፋው ወይም የሚያጸናው በየመደብራችን የሚሰቀለው መረብ ስለ ሆነ፣ ነጋዴዎቻችን የሚቀጥለውን ትእዛዝ ከመፈረማቸው በፊት ጉዳዩን በጥሞና እንዲመለከቱት በአክብሮት እናሳስባለን።